ካራማራ ሥር ያለው በረዶ ቤት

ሰኞ፣ መጋቢት 4 ቀን 1981

ፍሪጁ ሞተ። ተበላሸ አልልም፣ ሞተ። ጠዋት ስከፍተው ለብ ያለ አየር ፊቴ ላይ ተነፈሰብኝ። ቴርሞሜትሩ አሥራ አንድ ይላል። በሩ ላይ «ከስምንት እንዳያልፍ» ብዬ በቀይ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ጽሑፉ ቁልጭ ብሎ ያየኛል።

ከሥሩ ላምባ እየነደደ የሚያቀዘቅዝ የጋዝ ፍሪጅ ነው። ክሩን ቀየርኩ። የጭስ ማውጫውን በሽቦ ጠረግኩ። ላምባውን ደፍቼ አዲስ ሞላሁ። እሳቱ ደህና ሰማያዊ ሆኖ ይነድዳል፣ ፍሪጁ ግን በጄ አይልም። የጅጅጋ ጤና ጣቢያችን ዘበኛ «ዘቅዝቀሽ ብታቆሚው አንዳንዴ ይነሳል» አለኝ። ዘቀዘቅነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በአናቱ ቆመ። ቀና ስናደርገው ያው ነው። እንዲያውም አንድ እግሩ ተሰበረ።

ውስጡ የነበረው፦
የኩፍኝ ክትባት፣ ሦስት ካርቶን፣ ለአውበሬ ስደተኞች።
የትክትክና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት፣ አንድ ካርቶን።
ግማሽ ሎሚ፣ የእኔ። (ክትባት ያለበት ፍሪጅ ውስጥ ምግብ አይቀመጥም እያልኩ ሰውን የምቆጣው ደግሞ እኔ ነኝ።)

ፍሪጁን ከመዘቅዘቃችን በፊት ክትባቱን ሁሉ ወደ ማጓጓዣው ሳጥን አዛወርኩ። ከፍሪጁ ላይኛው ክፍል ውስጥ ገና ያልሟሙ የበረዶ ጠርሙሶች ስለነበሩ ዙሪያውን ደረደርኳቸው። ቢበዛ እስከ ሐሙስ ጠዋት ይይዛሉ። ክትባቱ የሚሰጠው የዛሬ ሳምንት ነው። መኪናና ባለሙያ ከሐረር የሚመጣው እሁድ ነው፣ የእኛ መኪና ጋራዥ ከገባች ወር ሆናት።

አውበሬ ካምፕ ኩፍኝ ገብቷል። ባለፈው ሳምንት ስሄድ ሆዳን የምትባል እናት በአንድ ቀን ሁለት ልጆቿን ቀብራ ድንኳኗ ደጃፍ ቁጭ ብላ አገኘኋት። አታለቅስም። ሦስተኛውን፣ ሊባንን፣ እያጠባች ነበር። «ይኼኛውስ?» አለችኝ በአስተርጓሚ። «ሰኞ ሳምንት መርፌ ይዤ እመጣለሁ» አልኳት። አፌን በቆረጠው!

ለኃላፊያችን ለጓድ ተስፋዬ ነገርኩት። «ሲስተር ብርቄ፣ አንቺ ደግሞ ታካብጃለሽ፤ ሳምንት እኮ ምን አላት» አለኝ። ሳምንት ሰባት ቀን አላት! አልኩት። አይ፣ አላልኩትም፣ በሆዴ ነው ያልኩት። ከሐረር በሬዲዮ የመጣው መልስ ደግሞ፦ ትርፍ ፍሪጅ የለም፣ እስከ እሁድ እንደምንም አቆዩት። እንደምንም ስንት ዲግሪ ነው?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 5

የመጋቢት አቦ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን መሳም ነበረብኝ። ከሳጥኑ አልተለየሁም። ክዳኑን ከፍቼ ማየት የለብኝም፣ በከፈትኩት ቁጥር ሙቀት ይገባል። አራት ጊዜ አየሁት። አምስት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ስድስት።

ረፋድ ላይ ሙሜ ጣቱን ሊያሳሽግ መጣ። ሙሜ በአይሱዙ ከድሬዳዋ ሽንኩርትና ለስላሳ የሚያመላልስ የሐረር ልጅ ነው፣ ወሬ አያልቅበትም። ፊቴን አይቶ «ምነው ሲስተር፣ ሰው ሞተብሽ እንዴ?» አለ። ስነግረው ሳቀብኝ። «በረዶ ነው የቸገረሽ? በየሐሙሱ ለቡና ቤቶቹ የማመጣው ምን ሆነና! ከፋብሪካው የፈለግሽውን ያህል እጭንልሻለሁ።»

ተነስቼ ላቅፈው ትንሽ ቀረኝ። ከዚያ ስንት ቀን እንደሚቆይ ጠየቅሁት። በጭድ ተጠቅልሎ ሐሙስ ጠዋት ይደርሳል፣ አርብ ማታ ቢራ ያቀዘቅዛል፣ ቅዳሜ ውሃ ነው። እኔ እስከ ሰኞ ነው የምፈልገው። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ሙሜም አፍሮ ጣቱን ማየት ጀመረ።

አግዳሚው ላይ የዓይን ጠብታ የሚጠብቁ ሽማግሌ ነበሩ። ሰው ሁሉ አዴር ጉሌድ ይላቸዋል፤ አዴር በሶማሊኛ አጎቴ ማለት ነው፣ እኔም እንደዚያው ነው የምጠራቸው። በጃንሆይ ጊዜ የእርሻ ሠራተኛ ስለነበሩ አማርኛቸው ደህና ነው። ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጫፍ እየጠረጉ «በረዶ ቤት አስገቢው» አሉኝ።

የት ያለ በረዶ ቤት? አልኳቸው።

«የፊታውራሪው። ካራማራ ሥር። እኔ ነበርኩ የምሞላው።»

ሙሜ በዓይኑ ጠቀሰኝ፣ ጃጅተዋል ማለቱ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም እንደዚያ ነው የመሰለኝ። ግን ሌላ ምን አለኝ? ነገ ወስደው ሊያሳዩኝ ተስማሙ፣ ሙሜም ቤቱ ካለ ሐሙስ በረዶውን እዚያው ሊያወርድልኝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 6

አለ! በረዶ ቤቱ አለ!

በባቢሌ መንገድ በጋሪ ሄድን። የፊታውራሪው እርሻ ዛሬ ወና ነው። ከመሬት አዋጁ በኋላ የመንግሥት ሆነ፣ ከዚያ ጦርነቱ ጣሪያውን ወሰደው። ትልቁ ቤት መስኮት የለውም፣ በረንዳው ላይ ፍየሎች ተኝተዋል። ከኋላ ግን ኮረብታው ጎን ውስጥ የተቀበረ ክብ የድንጋይ ቤት አለ፤ ከውጭ ሲያዩት ሳር የበቀለበት ጉብታ ነው። ዝቅ ያለ በር፣ ሦስት እርምጃ የምትሆን ጠባብ መተላለፊያ፣ ሌላ በር፣ ከዚያ ወደ ታች የሚወርድ ሰፊ ጉድጓድ። ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ውስጥ ግን ነጠላዬን ሰበሰብኩ። ያለ ምንም በረዶ! ቴርሞሜትሬ አሥራ ስምንት አለኝ።

አዴር ጉሌድ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ አጫወቱኝ። ያን ጊዜ በረዶው ከድሬዳዋ አይመጣም፣ ከሰማይ ነው። በበልግ በረዶ ሲጥል የእርሻው ሰው ከብቱንም ቡቃያውንም ጥሎ፣ አካፋና ቅርጫት ይዞ፣ ጆንያ በአናቱ ደርቦ ይወጣል። እየተወገሩ ያፍሱታል። እዚህ አምጥተው አንድ ጠጣር እስኪሆን ይረግጡታል፣ በላዩ ጭድ ይከምሩበታል። ከዚያ ፊታውራሪው ከሐረር እንግዳ ሲመጣባቸው በሰኔም ቢሆን ብርጭቆ ውስጥ በረዶ ያንኳኳሉ። ሚስታቸው ፓፓያ በበረዶ ካልሆነ አይበሉም ነበር።

ያ ሁሉ ውግር ለብርጭቆ ነው? አልኳቸው።

«ለብርጭቆ» አሉ።

አሁን ቤቱ የቆዳ መጋዘን ነው። ጨው የተነሰነሰ የበሬና የፍየል ቆዳ እስከ ጣሪያው ተከምሮበታል። ሽታው አይነሳ! ጠባቂው ጋሽ በላቸው የሚባሉ የጎጃም ሰው ናቸው፣ ጡረታ የወጡ ወታደር። እንዲያስገቡን ስለምናቸው «ደብዳቤ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። «ማኅተም ያለው» ብለው ጨመሩበት።

ተመልሼ ከተማ። ጓድ ተስፋዬ ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል። ጠበቅሁ። ደብዳቤውን እኔው ጻፍኩት፣ እሱ ፈረመ፣ ማኅተሙ ያለበት መሳቢያ ቁልፍ ጠፋ፣ ተፈለገ፣ ኪሱ ውስጥ ተገኘ። አሥር ሰዓት ላይ ጋሽ በላቸው ደብዳቤውን ከአናቱ እስከ ግርጌው አነበቡት፣ አጠፉት፣ ደረት ኪሳቸው ከተቱት። «አሁን እንደ ልብሽ» አሉኝ። ኮታቸውንም አውልቀው ቆዳውን አብረውን አወጡ። ደግ ሰው ናቸው፣ ሕግ ነው የሚወዱት።

ሳጥኑ ሰባት ላይ ነው። ነገ ጠዋት ሙሜ ካልመጣ አለቀልኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 7

ጭድ ጭድ እሸታለሁ። ቆዳ ቆዳም።

ሙሜ ቃሉን ጠበቀ። ገና ፀሐይ ሳትወጣ የአይሱዙው ጡሩምባ ከመንገዱ ተሰማ። ቡና ቤቶቹ የሚጠብቁትን በረዶ ሁሉ ለእኔ አውርዶት ሄደ። «ዘንድሮ የጅጅጋ ሰካራም በሙሉ ይረግምሻል» አለኝ። ይርገመኝ፣ እችላለሁ።

ሥራውን አዴር ጉሌድ መሩት። ዓይናቸው ባያይም እጃቸው አይረሳም። ከሥር ድንጋይና የእንጨት ቅርንጫፍ፣ ውሃው እንዲወርድ። በላዩ ጭድ። ከዚያ በረዶው፣ ጎን ለጎን፣ ጣት እንዳይገባ ተደርጎ። የተረፈውን ክፍተት በተፈረካከሰ በረዶ ደፈንነው። ሳጥኑን መሀል ላይ እንደ እንቁላል አስተኛነው፣ በላዩ በረዶ፣ በበረዶው ላይ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ጭድ። ከወለሉ ግርጌ የውሃ መውረጃ ቀዳዳ አለ፣ በቆዳ ፀጉር ተደፍኖ ነበር። ጋሽ በላቸው በሆዳቸው ተኝተው በሽቦ ጎረጎሩት። አዴር ጉሌድ እርጥብ ሳር ወተፉበት፤ ውሃ ያሳልፋል፣ አየር አያስገባም አሉ።

የእሳቸው ሕግ፦ በሩ በቀን አንዴ ይከፈታል፣ ጠዋት ገና በብርዱ። የውጭው ሳይዘጋ የውስጡ አይከፈትም። ሰው አይበዛበትም፣ ትንፋሽ ያሟሟዋል። በምሳ ሰዓት አንዴ ብቻ ገባ ብዬ ባየውስ? ብዬ ጠየቅኋቸው። «አንቺ ስትገቢ በረዶው ራሱ ያልበዋል» አሉኝ።

አርብ፣ መጋቢት 8

አራት! አራት ዲግሪ! እልል ልል ነበር፣ ትንፋሼ ትዝ ሲለኝ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

አዴር ጉሌድ ከጁምዓ በኋላ አውበሬ ሄዱ። እህታቸው ካምፑ ውስጥ ናት፣ ታማለች። እሁድ ይመለሳሉ። እኔ ደግሞ ነገ ሙሉ ቀን ማዋለጃ ክፍል ተረኛ ነኝ፣ የሚተካኝ ሰው የለም። በረዶ ቤቱ በጋሽ በላቸው እጅ ነው። እሳቸው በጽሑፍ ካልሆነ ነገር አያምኑም፣ ስለዚህ ጻፍኩላቸው፦

1. በሩ ጠዋት አንዴ ብቻ ይከፈት።
2. ውስጥ ሲጋራ አይጨስ።
3. ፋኖስ አይግባ።
4. የውሃ መውረጃው እንዳይደፈን ይታይ።
5. ጭዱ የሰመጠበት ካለ ይጨመር።
6. የቡና ቤት ሰው መጥቶ በረዶ ቢለምን አይሰጥ። ሙሜም ቢሆን።
7. ቆዳው ወደ ውስጥ አይመለስ።
8. ሳጥኑ በምንም ምክንያት አይከፈት።

ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። ከዚያ አላስችል ብሎኝ ተመልሼ «ጋሼ፣ አደራዎን፣ እንዳይበላሽብኝ፤ እንደ ራስዎ ዕቃ አድርገው ይጠብቁልኝ» አልኳቸው። ወረቀቱን አጥፈው ከደብዳቤው ጋር ደረት ኪሳቸው ከተቱት። «እንደ ራሴ ዕቃ» አሉ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 9

ሁለት ወንድ፣ አንድ ሴት ተወለዱ፣ እናቶቹም ደህና ናቸው። እጄ እዚህ፣ ልቤ ካራማራ ሥር። ክሩን ስቋጥር እንኳ የጭዱ ውፍረት ነው የሚታየኝ።

ሙሜ ወደ ሐረር ሲያልፍ በረዶ ቤቱ ጋ ቆሞ ነበር፣ ሲመለስ መልእክት አመጣልኝ። ጋሽ በላቸው «ውሃ ይወርድ ነበር፣ አሁን ሐሳብ አይግባሽ፣ እንዳይበላሽ አድርጌዋለሁ» ብለዋል አለኝ። እግዜር ይስጣቸው። ከስንት ቀን በኋላ ዛሬ እራቴን በእርጋታ በላሁ፣ ሽሮውም ጣመኝ።

እሁድ፣ መጋቢት 10

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ከጋሽ በላቸው ጋር ገባሁ። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች ሰባት። መጀመሪያ የተሰበረ መሰለኝ። የሚሟሟ በረዶ ብቻውን ከዜሮ በታች አይወርድም፣ ይህን የትምህርት ቤት ልጅም ያውቀዋል። ጭዱን ገለጥኩት። ግማሹ በረዶ የለም። የቀረው ተቦርቡሮ እንደ ደረቀ ቂጣ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኗል። ከሥር ውሃው ይንጠባጠባል። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት።

ጨው።

ጋሽ በላቸው ከኋላዬ ቆመው ደስ ብሏቸው ነበር። ትናንት ጭድ ሲጨምሩ በረዶው ሲያለቅስ አይተው ሆዳቸው ባብቶ፣ የቆዳውን ጨው ግማሽ ጆንያ ሙሉ ነስንሰውበት። «ቆዳ እንኳ በጨው ስንት ወር ይቀመጣል» አሉኝ። እኔ እንደ ራስዎ ዕቃ ብዬ አልነበር? የራሳቸውን ዕቃ የሚያቆዩት በጨው ነው። ጨው በረዶን እንደሚያሟሟው፣ እያሟሟም ብርዱን እንደሚያብሰው ማን ነገራቸው?

ጮህኩባቸው። የአባቴ እኩያ ናቸው፣ ጮህኩባቸው። ገደሉኝ፣ ልጆቹን ገደሏቸው አልኩ። አፌ ያመጣልኝን ሁሉ። እሳቸው ወረቀቱን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው፣ ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ ብለው፣ ስምንቱንም ቀስ ብለው አነበቡት። «ጨው የሚል የለም» አሉ። ክርክር አልነበረም፣ እንደሚጠይቅ ሰው ነው ያሉት። እውነታቸውን ነው። ሲጋራ ጻፍኩ፣ ፋኖስ ጻፍኩ፣ ሙሜን ጻፍኩ። ጨው አልጻፍኩም።

ሳጥኑን ከፈትኩ። የኩፍኙ ደረቅ ዱቄት ነው፣ መቀዝቀዝ አይጎዳውም፤ መበጥበጫው ውሃም ከሳጥኑ ውጭ ነበር፣ ተመስገን። የትክትኩና የመንጋጋ ቆልፉ ግን ፈሳሽ ነው፣ አንዴ ከረጋ ዋጋ የለውም። ከካርቶኑ አንዱን ጠርሙስ በብብቴ አቅልጬ ነቅንቄ አስቀመጥኩት። ደህና ቢሆን እንደ ወተት ደፍርሶ ይቆይ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፍርፋሪው ከሥር ተኛ፣ ከላይ ጥርት ያለ ውሃ። ሌላ ሞከርኩ። ሌላ። አንድ ካርቶን ሙሉ ሞቷል።

አዴር ጉሌድ ከቀትር በኋላ ደረሱ። ነገሩን ሲሰሙ ማንንም አልተቆጡም። ጨዋማውን ውሃና ጭድ ጠርገን እንድናወጣ አዘዙን፣ የቀረውን በረዶ በጉድጓድ ውሃ ቶሎ ቶሎ አጠብነው። ጉድጓዱ ለዚህ ለተረፈው ሰፊ ስለሆነ፣ ጭድ የሞሉ ጆንያዎች ዙሪያውን ደርድረን አጠበብነው። ጋሽ በላቸው የሦስት ሰው ሥራ ሠሩ። ቀና ብለው አላዩኝም።

በር ዘግተን ስንወጣ አዴር ጉሌድ ድንጋይ ላይ አረፉ። ሳልጠይቃቸው አወሩኝ። ፊታውራሪው ቤት እያሉ የመጀመሪያ ልጃቸውን፣ ሴት ናት፣ ኩፍኝ ያዛት። ትኩሳቱ ሲጠናባት ከዚህ ቤት አንድ ቁራጭ በረዶ ሰርቀው በሽርጣቸው ቋጠሩት፣ የልጅቷን አፍ ሊያርሱበት። ሰፈራቸው ሩቅ ነበር፣ ቀኑም ሞቃት። «ቤት ስደርስ ሽርጤ እርጥብ ነበር» አሉኝ።

የሐረር መኪና አልመጣም። ባቢሌ ላይ ኮንቮይ ቆሟል አሉ። ነገ፣ ካልሆነም ከነገ ወዲያ።

ሰኞ፣ መጋቢት 11

ጠዋት ስድስት ዲግሪ። የቀረው በረዶ ሁለት እንስራ አያክልም። ሙሜ እስከ ሐሙስ አይመጣም።

መኪናም የለም። አውበሬ ያሉ እናቶች ዛሬ ከማለዳ ጀምረው ተሰልፈው ይሆናል። መርፌ ይዤ እመጣለሁ ያልኳት እኔ ነኝ። ሆዳን ልጇን ታቅፋ መንገድ መንገዱን ስታይ ይታየኛል።

በምሳ ሰዓት ሮጬ በረዶ ቤት ሄድኩ፣ አንዴ ብቻ ላየው። አዴር ጉሌድ የውጭው በር ላይ ተደግፈው ቁጭ ብለዋል። ለመንኳቸው፣ ተቆጣሁ፣ እንደገና ለመንኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው የተኙ መሰሉ። ተመለስኩ።

ስለ ሞተው ካርቶን ሪፖርት ጻፍኩ። «በማን ጥፋት» የሚል መስመር አለው። ብዙ አሰብኩበት። የራሴን ስም አስገባሁ። ጓድ ተስፋዬ አንብቦ «ሞኝ ነሽ እንዴ፣ ጠባቂው ነው በይው» አለኝ። መመሪያ ያጎደልኩት እኔ ነኝ፣ አልኩት። ዛሬ በሆዴ አይደለም፣ በአፌ ነው ያልኩት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 12

መኪናው ሁለት ሰዓት ላይ መጣ!

ግን ጠዋት በሩን ስንከፍት አሥራ ሦስት ዲግሪ ነበር። ከስምንት ያለፈው መቼ ነው? ማታ? ሌሊት? ሰኞ በምሳ ሰዓት? ማን ያውቃል። ከሐረር የመጣው ባለሙያ «ይኼ ያህልስ ምንም አይለው፣ ኩፍኝ ጠንካራ ነው» አለና ሳጥኑን ጫነው። ምንም አይለውም ያለው ከልቡ ነው ወይስ መንገዱ ስለረዘመበት? የሞተ ክትባት ከዱቄት ውሃ አይሻልም። ወግተን፣ እናቶቹን አሳርፈን፣ ልጆቹን ለኩፍኝ ትተናቸው ብንመለስስ?

ሌላ የለንም። ሄድን። አዴር ጉሌድም ለእህታቸው ብለው አብረውን ተሳፈሩ፣ የተረፈውን ጭንቅላት የሚያክል በረዶ ሳጥኑ ላይ አስቀምጠው። መንገድ ላይ መኪናው በዘለለ ቁጥር እጃቸውን ይጭኑበታል።

እናቶቹ አልተበተኑም ነበር። እስከ አሥር ሰዓት ወጋን። ክንዴ ዝሏል። በረዶው ሲያልቅ ካርቶኖቹም አለቁ። የመጨረሻዋን ቁራጭ ልጆች ተቀባብለው ላሷት፣ ከዚያ ፊታቸውን አጨማደዱ። አጥበነውም ጨው ጨው ይላል።

ለእናቶቹ ሁሉ በአስተርጓሚ አንድ ነገር ነገርኩ፦ የዛሬ ሳምንት ገደማ አንዳንዱን ልጅ ትንሽ ሊያተኩሰው ይችላል፣ አትደንግጡ፣ መርፌው ሥራውን ሲጀምር ነው። ሆዳን ሊባንን አቅፋ በደንብ ሰማችኝ። ያላልኳት፦ መርፌው የሞተ ከሆነ ማንንም አያተኩሰውም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 14

የበረዶ ቤቱን ቁልፍ ልመልስ ሄድኩ። በሩ ላይ የእኔ ወረቀት በምስማር ተመትቷል። ከስምንተኛው ሥር በከሰል፣ በትልልቅ ፊደል፦ «9. ጨው ክልክል ነው።»

ጋሽ በላቸውን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ተናግሬ ሲበቃኝ፣ ፊታቸው ሳይፈታ፣ «በደብዳቤ ነው በቃል?» አሉኝ።

በቃል ነው ጋሼ።

«ማኅተም ያስፈልገው ነበር» አሉና ሳቁ። እኔ ግን ሳቄ መጥቶ እንባዬም አብሮ መጣ።

እሁድ፣ መጋቢት 17

አምስተኛ ቀን። ከካምፑ ወሬ የለም። ስድስተኛ ቀን ሳይደርስ አይጠበቅም፣ አውቃለሁ። አውቃለሁ እያልኩ የሬዲዮ ክፍሉን ደጅ ሦስት ጊዜ ረገጥኩ።

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ምን ብዬ እንደምጸልይ ግራ ገባኝ። ልጆቹን ያተኩሳቸው ብሎ የሚለምን ሰው አለ? ለመንኩ። ትንሽ፣ አልኩ። ለአንድ ቀን ብቻ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 19

ሰባት ቀን ሞላ። ከአውበሬ በሬዲዮ፦ ሁለት አዲስ ኩፍኝ። የተከተቡ ናቸው ያልተከተቡ ብዬ ጠየቅሁ፣ አይታወቅም አሉ። ትኩሳትስ? ስለ ትኩሳት የተባለ ነገር የለም።

ምሳ አልበላሁም። ነገ የሐረር መኪና ወደ ካምፑ ስለሚሄድ ቦታ ያዝኩ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 20

ገና ከመኪናው ሳልወርድ ሆዳን ደረሰችብኝ። ሴቶች ተከትለዋታል፣ ሁሉም ልጅ ታቅፈዋል፣ ሁሉም ይጮኻሉ። አስተርጓሚው በገበያ ቀን የሄደበት አይታወቅም። አዴር ጉሌድ ከእህታቸው ድንኳን ምርኩዛቸውን እየመቱ መጡ። «ምን አደረግሽው ነው የምትልሽ» አሉኝ። «ደህና ነበር፣ ከትናንት ጀምሮ ይነድዳል ትላለች። ሁለቱን አፈር በላቸው፣ ሦስተኛውን አንቺ ልትበዪው ነው ትላለች።»

ሊባንን ተቀበልኳት። ግንባሩ እሳት ነው። ዓይኑን አየሁ፦ አልቀላም። አፉን ከፍቼ ጉንጩን ከውስጥ አየሁ፦ ነጭ ነጥብ የለም። አያስልም፣ አፍንጫው ደረቅ ነው። ኩፍኝ አይደለም። ቴርሞሜትሩን ብብቱ ሥር ከተትኩ። ሠላሳ ስምንት ነጥብ አራት። የሌላኛዋን ልጅ ለካሁ፦ ሠላሳ ስምንት። የሦስተኛዋም ያው። በጣቴ ቆጠርኩ፣ ከተከተቡ ስምንተኛ ቀናቸው ነው። አዲሶቹ ሁለት ሕሙማንም፣ አዴር ጉሌድ እንደነገሩኝ፣ ባለፈው አርብ ከድንበር የገቡ ናቸው፣ መርፌ አልደረሳቸውም።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እንደ እብድ እስቃለሁ፣ አለቅሳለሁ። ሆዳን ልጇን ከእጄ ነጠቀችኝ፣ አልፈርድባትም።

«ምን ልበላት?» አሉኝ አዴር ጉሌድ።

መርፌው በሕይወት አለ በሏት፣ አልኳቸው። ይኼ ትኩሳት እሱ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ ይበርዳል፣ ከዚያ በኋላ ኩፍኝ አይደፍረውም።

ነገሯት። ረጅም አድርገው ነው የነገሯት፣ እኔ ካልኩት ይልቅ። ሆዳን እኔን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ ካመነችን አላውቅም። ግን ተመልሳ አጠገቤ ቁጭ አለች፣ ጨርቅ በውሃ እየነከረች የሊባንን ግንባር ማርጠብ ጀመረች። አዴር ጉሌድም ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ልጁ ላይ አሳረፉ፣ ብዙ ቆዩ።

«አሁን ነበር በረዶ» አሉ።

ነገ እኮ ሐሙስ ነው፣ ሙሜ ይመጣል፣ አልኳቸው።